ውሰት እንደ ማገገሚያ መንገድ፤ የአሮን ራምሴ አሥራ አንድ ጨዋታዎችና የአጭር ውሰት መቅረት

መነሻ

የእግር ኳስ ተጫዋቾች ውሰት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠናው ከሁለት አቅጣጫ ነው። በምጣኔ ሀብት በኩል የሚመለከቱት ተመራማሪዎች ተጫዋቹን ዋጋው እንዳይወርድ ለጊዜው ወደ ሌላ እጅ የሚተላለፍ ሀብት አድርገው ይወስዱታል። በአሠለጣጠን በኩል የሚመለከቱት ደግሞ ውሰትን ወጣቱ ከአካዳሚ ወደ አዋቂዎች ጨዋታ የሚሻገርበት ድልድይ ይሉታል። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ሦስተኛውን አገልግሎት ነው። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ወጣት ሐኪሙ «ድነሃል» ካለው ቀን አንሥቶ በእናት ክለቡ መለያ እንደ ቀድሞው እስኪጫወት ድረስ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ተጫዋቹ ሕሙም አይደለም፤ ደኅናም አይደለም። የሕክምና ክፍሉ ከእጁ አውጥቶታል፤ አሰልጣኙ ገና አልተቀበለውም።

ለማሳያነት የተመረጠው የዌልሱ አማካይ አሮን ራምሴ ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ እንዲህ ነው፤ በ2010 መጨረሻና በ2011 መጀመሪያ ራምሴ ያገኛቸው ሁለት አጫጭር ውሰቶች የጠቀሙት አዲስ ነገር ስላስተማሩት ሳይሆን ጨዋታን በመጠን በመጠን ስለሰጡት ነው። ያን ዓይነቱን አወሳሰድ የፈቀደው ደንብ ግን ከዚያ ወዲህ ተሽሯል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከስብራቱ እስከ ውሰቱ

ራምሴ በ1990 በዌልስ ኬርፊሊ ተወለደ። በኤፕሪል 2007 ለካርዲፍ ሲቲ ሲሰለፍ ዕድሜው 16 ዓመት ነበር፤ ጆን ቶሻክ ለረጅም ጊዜ ይዞት የቆየውን የክለቡን የለጋ ዕድሜ ክብረ ወሰንም ሰበረ። በቀጣዩ ዓመት ካርዲፍ በፖርትስማውዝ 1 ለ 0 በተሸነፈበት የኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ ተቀይሮ ገባ፤ በዚያው ክረምትም ወደ 5 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ወደ አርሰናል ተዛወረ። በ2009/10 የውድድር ዘመን በቋሚ ተሰላፊነት መታየት በጀመረበት ሰዓት፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2010፣ በስቶክ ሲቲ ሜዳ የተከላካዩ ራያን ሾክሮስ ሸርተቴ የቀኝ እግሩን ቲቢያና ፊቡላ አብሮ ሰበረው። ዕድሜው 19 ነበር።

አደጋው በአርሰናል ቤት የመጀመሪያው አልነበረም። በሜይ 2006 አቡ ዲያቢ በሰንደርላንድ፣ በፌብሩዋሪ 2008 ኤድዋርዶ ዳ ሲልቫ በበርሚንግሃም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶባቸዋል። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ከባድ የእግር ስብራቶች ማለት ነው። ወደዚህ ንጽጽር ኋላ እንመለሳለን።

የቅልጥም ስብራት በራሱ ተስፋ የሚያስቆርጥ ጉዳት አይደለም። አጥንቱ በወራት ውስጥ ይገጥማል፤ የገጠመው አጥንትም ሸክም ሲለምድ ይጠነክራል። የሚያስቸግረው ከአጥንቱ ዙሪያ ያለው ነው። ለወራት ያልሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ የቁርጭምጭሚት መታጠፍ ይቀንሳል፤ ጤነኛው እግር የታመመውን ድርሻ ይሸከምና የሩጫው ሚዛን ይዛባል። እነዚህን ሁሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በመለኪያ ሊያያቸው ይችላል። በመለኪያ የማይገኘው አንድ ነገር ነው፤ እግሩ በሸርተቴ የተሰበረ ተጫዋች፣ ከማያውቀው ተቃራኒ ጋር እኩል ርቀት ላይ ወዳለች ኳስ ሳያመነታ መሄዱ።

ልምምድ ይህን ሊፈትነው አይችልም። በልምምድ ሜዳ ላይ ሸርተቴ የሚገባው የገዛ ጓደኛው ነው፤ ጓደኛው ደግሞ የጉዳቱን ታሪክ ያውቃልና በመጨረሻዋ ቅጽበት እግሩን ይሰበስባል። ደግነቱ ፈተናውን ያበላሸዋል። የተጠባባቂዎች ግጥሚያ ጥቂት ይሻላል፤ ነገር ግን ተመልካቹ ጥቂት ነው፣ ውጤቱም የማንንም እንጀራ አይነካም።

ውሰቱ የሰጠው ነገር

ከጉዳቱ ዘጠኝ ወር ገደማ በኋላ፣ ኖቬምበር 25 ቀን 2010፣ ራምሴ በውሰት ወደ ኖቲንግሃም ፎረስት ሄደ። እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ቆይቶ አምስት ጨዋታ ተጫወተ። ወደ አርሰናል ተመልሶ ጥቂት ሳምንታት ከቆየ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ለካርዲፍ ተዋሰ፤ በዚያም ስድስት ጨዋታ ተሰልፎ አንድ ግብ አስቆጠረ። በድምሩ አሥራ አንድ ጨዋታ ነው። በማርች በአርሰናል መለያ ዳግም ታየ፤ ሜይ 1 ቀን 2011 ደግሞ ማንቸስተር ዩናይትድ 1 ለ 0 የተሸነፈባትን ግብ አስቆጠረ።

በዚህ ሂደት ውስጥ መጀመሪያ ትኩረት የሚስበው የውሰቶቹ መቆራረጥ ነው። አንድ ረጅም ውሰት ሳይሆን ሁለት አጫጭር ውሰቶች ነበሩ፤ በመካከላቸውም ተጫዋቹ ወደ እናት ክለቡ የተመለሰበት ጊዜ ነበር። ለሕክምና ባለሙያ ይህ የታወቀ አሠራር ነው፤ መድኃኒቱ ይሰጣል፣ የሰውነት ምላሽ ይታያል፣ መጠኑ ይስተካከላል። ተጫዋቹ በተከታታይ ጨዋታዎች ሲጫን የተሰበረው እግር እንዴት እንደ ሰነበተ ለማየት ለእናት ክለቡ የተሻለ ዕድል የሚሰጠው እንዲህ ያለው እረፍት ነው።

ሁለተኛው ነገር የተዋሾቹ ክለቦች ደረጃ ነው። ወደ ዝቅተኛ ሊግ መውረድ ቀለል ወዳለ ጨዋታ መሄድ ነው የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል። ሻምፒዮንሺፕን የተከታተለ ሰው ይህን አይልም። 24 ክለቦች 46 ጨዋታ የሚያደርጉበት ሊግ ነው፤ የአካል ንክኪውም ከፕሪሚየር ሊጉ የሚያንስ አይደለም። ፎረስትና ካርዲፍ በዚያ ዓመት ለመውጣት ይፎካከሩ የነበሩ ቡድኖች ናቸው፤ ካርዲፍ 4ኛ፣ ፎረስት 6ኛ ሆነው ጨርሰው ሁለቱም በማለፊያ ጨዋታዎች ግማሽ ፍጻሜ ወድቀዋል። ስለዚህ ራምሴ የተጫወተው ለይስሙላ በሚደረግ ግጥሚያ አልነበረም። ልዩነቱ ያለው በጨዋታው ክብደት ላይ ሳይሆን ስሕተቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። በዚያን ወቅት አርሰናል በአራት ውድድሮች ይሳተፍ ነበር፤ በአማካይ ስፍራው ላይ ፋብሪጋስ፣ ናስሪ፣ ሶንግና ከቦልተን ውሰት የተመለሰው ዊልሸር ነበሩ። ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ግማሽ ሰከንድ ለሚዘገይ ወጣት በዚያ ቡድን ውስጥ የሚተርፍ ጊዜ አልነበረም። ተዋሽ ክለብ ግን ለዚያ ግማሽ ሰከንድ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነው የሚቀበለው፤ በምትኩ በሌላ መንገድ ሊገዛው የማይችለውን ችሎታ ለጥቂት ሳምንት ያገኛል።

ሦስተኛው ካርዲፍ ነው። ተጫዋቹ ያደገበት፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ የተሰለፈበት ክለብ ነው፤ ቤተሰቡም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለ ጉዳት ሥነ ልቡና የተደረጉ ጥናቶች በራስ መተማመንንና የአካባቢን ድጋፍ ደጋግመው ያነሣሉ። ኬት ዌብስተርና ባልደረቦቿ በ2008 ለጉልበት ጅማት ተጎጂዎች ያዘጋጁት መጠይቅ የሚለካቸው ሦስት ነገሮች ስሜት፣ መተማመንና አደጋን የመገመት ዝንባሌ ናቸው። ሦስቱም ከሜዳው ውጭ ባለ ሕይወት ይነካሉ። እንግሊዝ ውስጥ ባለ በማያውቀው ከተማ በሆቴል ክፍል የሚያድር ወጣትና ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ልምምድ የሚሄድ ወጣት እኩል አይደሉም።

በማርች 2011 አሰልጣኝ ጋሪ ስፒድ ራምሴን የዌልስ ብሔራዊ ቡድን አምበል አድርገው ሾሙት፤ ገና 20 ዓመቱ ነበር። ይህም ከውጭ ሲታይ የመዳን ማረጋገጫ ይመስላል። የተጫዋቹን ቁጥሮች የሚመረምር ግን እዚህ ላይ አይቆምም።

መመለስና መድረስ

በ2016 የታተመው የበርን የስምምነት መግለጫ ወደ ስፖርት መመለስን በሦስት ይከፍለዋል፤ ወደ እንቅስቃሴ መመለስ፣ ወደ ስፖርቱ መመለስና ወደ ቀድሞ ብቃት መመለስ። በራምሴ ጉዳይ ሁለተኛው ደረጃ በማርች 2011 ተጠናቅቋል ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ግን ዓመታት ወሰደ። በ2011/12 በ34 የሊግ ጨዋታ 2 ግብ፣ በ2012/13 በ36 የሊግ ጨዋታ 1 ግብ ብቻ አስቆጠረ። ከቦታው ውጭ በክንፍ መስመር ሲሰለፍ ይታይ ነበር፤ ከገዛ ደጋፊዎቹም ብርቱ ትችት ደረሰበት። በ2013/14 በ23 የሊግ ጨዋታ 10 ግብ ሲያገባና በሜይ 2014 ሃል ሲቲን 3 ለ 2 ያሸነፈችውን የኤፍ ኤ ዋንጫ ግብ በጭማሪ ሰዓት ሲያስቆጥር ነው ሙሉ ሰው የሆነው። ከስብራቱ እስከዚያ አራት ዓመት አልፏል።

እንግዲህ ውሰቱ ራምሴን ወደ ቀድሞ ብቃቱ አልመለሰውም። ያደረገው ሁለተኛውን ደረጃ ማሳለጥ ነው። ይህ መጠነኛ አገልግሎት ነው፤ ሆኖም መጠነኛነቱ ዋጋ አያሳጣውም፤ ብዙዎች የሚቀሩት በሁለተኛውና በሦስተኛው ደረጃ መካከል ነውና። ማርኩስ ቫልደንና ባልደረቦቹ በአውሮፓ ክለቦች ለ15 ዓመት ያካሄዱት ጥናት እንዳሳየው፣ የጉልበት ፊተኛ መስቀለኛ ጅማታቸው የተበጠሰ ተጫዋቾች አብዛኞቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ጨዋታ ቢመለሱም ከሦስት ዓመት በኋላ በከፍተኛው ደረጃ ሲጫወቱ የተገኙት 65 በመቶ ናቸው። ጉዳቱ ከራምሴው የተለየ ነው፤ በመመለስና በመቆየት መካከል ያለውን ርቀት ግን በግልጽ ያሳያል።

የሌሎቹን መንገድ ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ኤድዋርዶ ከአንድ ዓመት ሕክምና በኋላ በፌብሩዋሪ 2009 በቀጥታ ለአርሰናል ተሰለፈ፤ በዚያው ምሽት ካርዲፍ ላይ ሁለት ግብ አገባ፤ በ2010 ግን ወደ ሻክታር ዶኔትስክ ሄደ። ዲያቢም ያለ ውሰት ተመለሰ፤ እስከ 2015 በክለቡ ቢቆይም ሰውነቱ ከተደጋጋሚ ጉዳት አላረፈም። የጉዳቶቹ ዓይነትና የተጫዋቾቹ ዕድሜ ስለሚለያይ ልዩነቱን በሙሉ ለውሰት መስጠት አይቻልም። በተቃራኒው ደግሞ ጃክ ዊልሸር በጉዳት ከታወኩ ዓመታት በኋላ በ2016/17 ለቦርንማውዝ ለሙሉ የውድድር ዘመን ተዋሰ። 27 የሊግ ጨዋታ ተጫውቶ፣ በኤፕሪል 2017 እግሩ ተሰንጥቆ ዘመኑን ጨረሰ። ጨዋታ በብዛት አግኝቷል። ያላገኘው በየወሩ ቆም ብሎ የሚያስተካክልለትን አካል ነው፤ የሙሉ ዘመን ውሰት ተዋሹን ክለብ ባለጉዳይ፣ እናት ክለቡን ተመልካች ያደርገዋልና።

የደንቡ ለውጥ

ራምሴ ወደ ፎረስት የሄደው የዝውውር መስኮቱ በተዘጋበት በኖቬምበር ነው። ይህ ሊሆን የቻለው የእንግሊዝ ፉትቦል ሊግ «የአስቸኳይ ጊዜ ውሰት» የሚባለውን ይፈቅድ ስለነበር ነው፤ ዝቅተኛው 28፣ ከፍተኛው 93 ቀን ነበር። ደንቡ የተሠራው ተጫዋች ለጎደለባቸው ክለቦች እንጂ ለሕሙማን አልነበረም። ለማገገሚያነት የዋለው በአጋጣሚ ነው። ከ2015/16 የውድድር ዘመን በኋላ ከዝውውር መስኮት ውጭ የሚደረግ ውሰት የፊፋን የምዝገባ ሥርዓት ይጥሳል ተብሎ ቀረ።

በ2022 ፊፋ ለዓለም አቀፍ ውሰቶች ያወጣው ደንብም በዚሁ አቅጣጫ ይሄዳል። የውሰት ጊዜ ቢያንስ በሁለት የምዝገባ መስኮቶች መካከል ያለውን ጊዜ፣ ቢበዛ አንድ ዓመት እንዲሆን ወሰነ፤ ክለቦች የሚያውሱትና የሚዋሱት ቁጥርም ተገደበ። ዓላማው በደርዘን የሚቆጠሩ ወጣቶችን ሰብስበው በየክለቡ የሚበትኑ ሀብታም ክለቦችን ማስቆም ነው፤ ተገቢም ነው። ዕድሜያቸው እስከ 21 የሆኑና ክለቡ ራሱ ያሠለጠናቸው ወጣቶች ከቁጥር ገደቡ ነፃ ተደርገዋል። ነፃ ያልሆኑት ከጊዜ ወሰኑ ነው። ደንብ አውጪው ወጣቱን ያየው እንደ ተማሪ ነው፤ ተማሪ ግማሽ ዓመት ቢቆይ ይጠቅመዋል። የሚያገግም ሰው ግን የሚፈልገው አራት ሳምንት ሊሆን ይችላል።

ከጊዜ አንጻር ሲታይ ችግሩ ይበልጥ ይጎላል። ሄጌ ግሪንደምና ባልደረቦቿ በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ከጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ስፖርት መመለስ እስከ ዘጠነኛው ወር በዘገየ ቁጥር በእያንዳንዱ ወር የዳግም ጉዳት መጠን በ51 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የመመለሻውን ቀን መወሰን ያለበት ሰውነት እንጂ ቀን መቁጠሪያ አይደለም ማለት ነው። በመስኮት ብቻ የሚፈጸም ውሰት ግን ሁለት ቀኖች ብቻ ያውቃል። በኖቬምበር የዳነ ወጣት እስከ ጃንዋሪ ይጠብቃል፤ በዲሴምበር መጨረሻ ገና ያልበቃ ወጣት ደግሞ መስኮቱ እንዳይዘጋበት ይቸኩላል።

ከ2016/17 ጀምሮ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የወጣት ቡድኖች በኢ ኤፍ ኤል ትሮፊ ከዝቅተኛ ሊግ ክለቦች ጋር እንዲጫወቱ መፈቀዱ ክፍተቱን በጥቂቱ ይሞላል፤ ተጫዋቹ ከእናት ክለቡ ሐኪሞች ሳይርቅ ከአዋቂዎች ጋር ይጋጠማልና። ሆኖም ግጥሚያዎቹ ተራርቀው የሚመጡ ጥቂት ጨዋታዎች ናቸው፤ ራምሴ በሦስት ወር ውስጥ ያገኛቸውን አሥራ አንድ ጨዋታዎች አይተኩም። በደንቡ ላይ ሊታሰብበት የሚችለው ጠባብ ልዩ ፈቃድ ነው፤ ከስድስት ወር በላይ ከሜዳ ለራቀና ዕድሜው ከ21 ላልበለጠ ተጫዋች፣ በገለልተኛ ሐኪም ማረጋገጫ፣ በአንድ አገር ክለቦች መካከል ብቻ፣ ከ28 ቀን የማያንስ ውሰት ከመስኮት ውጭ መፍቀድ። ገለልተኛ ሐኪም የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ለመውጣት የሚፎካከር ተዋሽ ክለብ አሰልጣኝ በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች አንድ ነጥብ ሲያስፈልገው፣ የማያውቀውን ልጅ ቅልጥም አስቦ ይቀይረዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ በውሰት ውሉ ላይ የደቂቃ ጣሪያ መጻፍ ያለበትም ለዚሁ ነው።