ከአዲስ አበባ እስከ ዋሺንግተን፤ የመንገዱ ርቀትና የበረራው ጊዜ

ከእኛ መካከል በዋሺንግተንና በአካባቢዋ ዘመድ ያለው ብዙ ነው። የእኔም አያት በስተርጅናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ሊጓዙ ስለ ሆነ «ሲሄዱ ይረዝማል፣ ሲመለሱ ያጥራል የሚሉት ለምንድር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱ በክፍል ከተማርነው ጂኦግራፊና ፊዚክስ የሚወጣ አይደለም።

መጀመሪያ ርቀቱን እንመልከት። አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 39 ዲግሪ ገደማ ትገኛለች። ዋሺንግተን ደግሞ በሰሜን 39፣ በምዕራብ 77 ዲግሪ ገደማ ናት። ከምድር እምብርት ወደ ሁለቱ ከተሞች መሥመር ብንዘረጋ በመካከሉ 104 ዲግሪ ያህል ማእዘን ይገኛል። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ለአንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል። ስለዚህ ርቀቱ 11,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ አጭር መንገድ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረው አይደለም። በሉል ላይ ክር ብንወጥር ክሩ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያና በእስፓንያ ላይ አልፎ አትላንቲክን ይሻገራል።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። አይሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢበር 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይፈጅበታል። ነገር ግን በከፍታ ላይ በዚያ መንገድ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ነፋሱ በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ሲሄዱ ፍጥነቱ 850፣ ሲመለሱ 950 ይሆናል። በዚህ ብቻ አንድ ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይለያያሉ።

ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ግን የአገራችን ከፍታ ነው። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አየሩም በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የክንፉ የማንሣት ኃይልና የሞተሩ ጉልበት ከአየሩ ጥግግት ጋር ስለሚቀንስ፣ አይሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ ለመነሣት ይቸግረዋል። ስለዚህ ነዳጁን ቀንሶ ተነሥቶ፣ በመንገድ ላይ ባለ ከተማ አርፎ መጨመር የተለመደ ሆኗል። ማረፉም አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል። የዋሺንግተን ማረፊያ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል፣ ከዚያ የተነሣ አይሮፕላን ሳያርፍ ቦሌ ይደርሳል።

በመጨረሻ የሰዓቱ ልዩነት አለ። ዋሺንግተን ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ግን ልዩነቱ 7 ነው። በዚህ ወራት ከዚያ ከጧቱ በ4 ሰዓት ተነሥቶ 13 ሰዓት የበረረ ሰው፣ 7 ሲጨመርበት፣ በማግስቱ ከንጋቱ በ12 ሰዓት አዲስ አበባ ይገባል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ አረጋውያንን ስትሸኙ አይሮፕላኑ በመንገድ ላይ ቢያርፍ ገና እንዳልደረሱ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እናንተም ጓደኞቼ ክርና ሉል ይዛችሁ የሎንዶንንና የፔኪንግን ርቀት ራሳችሁ ለክታችሁ አስሉ።