አንድ ፈራሚ፣ ብዙ ባለጉዳይ፦ በፖሊአሞሪ ጥናት ውስጥ የተሳታፊ ፈቃድ ወሰን

በምርምር ዘዴ ትምህርታችን ስለ ተሳታፊ ፈቃድ ስንማር በአእምሯችን የሚሣለው ሥዕል አንድ ጠያቂ፣ አንድ ተጠያቂና በመካከላቸው አንድ የፈቃድ ቅጽ ነው። ተጠያቂው ስለ ራሱ ይናገራል፤ ስለ ራሱም ይፈርማል። የቤተሰብና የፍቅር ግንኙነት ጥናት ግን ይህን ሥዕል ያፈርሰዋል፤ ስለ ትዳሯ የምትናገር ሚስት የባሏንም ሕይወት መናገሯ አይቀርምና። በዚህ ጽሑፍ ችግሩ ጎልቶ የሚታይበትን አንድ መስክ፣ ማለትም በሰሜን አሜሪካ የሚካሄደውን የፖሊአሞሪ ጥናት መነሻ በማድረግ፣ በእንዲህ ያለ ጥናት የሚሳተፈው ማን እንደ ሆነና የአንዱ ፊርማ እስከ የት እንደሚደርስ እመረምራለሁ። ጥያቄው በአገራችን ከአንድ በላይ ሚስት ባለበት ቤት የሚደረገውንም ጥናት ስለሚነካ ወደዚያው አመራለሁ።

«ፖሊአሞሪ» ከግሪክኛው «ብዙ» እና ከላቲኑ «ፍቅር» የተገጣጠመ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአሜሪካ የተሰራጨ ቃል ነው። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ2006 መዝግቦታል። አንድ ሰው ከአንድ በላይ ከሆኑ ሰዎች ጋር፣ በሁሉም ዕውቀትና ስምምነት፣ የፍቅር ግንኙነት ሲኖረው የሚሰጥ ስያሜ ነው። ቃሉን እንዳለ የተውኩት በስንፍና አይደለም። «ውሽማ» ብንል መደበቅን፣ «ቅምጥ» ብንል የደረጃ ዝቅታን፣ «ጣውንት» ብንል ፉክክርንና ቅናትን ይዞብን ይመጣል። ከነባር ቃሎቻችን የሁሉንም ወገን ማወቅና መስማማት በአንድ ላይ የሚያመለክት አላገኘሁም። ይህ የትርጉም ጣጣ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን መጠይቅ የምናዘጋጅ ሰዎች እንደምናውቀው ቃሉ ከመልሱ በፊት ይፈርዳል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ማን ይሳተፋል የሚለው ነው። ኤሊዛቤት ሼፍና ኮሪ ሀመርስ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጽሑፍ በፖሊአሞሪና በተቀራራቢ ማኅበረሰቦች ላይ የተደረጉ 36 ጥናቶችን ገምግመው፣ ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ነጮች፣ የተማሩና የመካከለኛ ወይም ከዚያ በላይ ገቢ ያላቸው መሆናቸውን አሳይተዋል። በሌላ በኩል ሀውፐርትና ባልደረቦቿ በ2017 ያወጡት ጥናት በሁለት አገር አቀፍ ናሙናዎች የተካተቱ ያላገቡ አሜሪካውያንን ጠይቆ፣ ከአምስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት (በአንደኛው ናሙና 21.9፣ በሁለተኛው 21.2 በመቶ) በሕይወታቸው አንድ ወቅት በስምምነት ላይ የተመሠረተ ከአንድ በላይ ግንኙነት እንደ ነበራቸው ዘግቧል። ይህ ድርሻ በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በገቢ፣ በሃይማኖትም ሆነ በዘር አልተለያየም፤ የተለያየው በጾታና በጾታዊ ዝንባሌ ነው።

ሁለቱን ማነጻጸር ጥንቃቄ ይጠይቃል። የኋለኛው ጥናት ከፖሊአሞሪ የሰፋ ትርጉም ይዟል፤ የጠየቀውም ያላገቡትን ብቻ ነው። ለራሱ «ፖሊአሞረስ ነኝ» የሚል መጠሪያ የሰጠ ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ ሞክሮ ከተወው ይለያል። ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ ልዩነቱ በትርጉም ብቻ የሚገለጽ አይመስለኝም። ስም በማይጠየቅበት መጠይቅ ላይ «አዎ» ማለት አንድ ነገር ነው። ከተመራማሪ ጋር ሁለት ሰዓት ተቀምጦ፣ ድምፅ እየተቀዳ፣ ስለ ቤቱ መናገር ግን ዋጋው ሌላ ነው። የቤት አከራዩን፣ አለቃውን ወይም የቀድሞ የትዳር ጓደኛውን የሚፈራ ሰው ይህን ዋጋ አይከፍልም። በአሜሪካ ከሁለት በላይ ሰዎች ያሉበትን የቤት አጋርነት በከተማ ደንብ መመዝገብ የተጀመረው በማሳቹሴትስ ሶመርቪል በ2020 ነው፤ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ግን እንዲህ ላለው ቤተሰብ የተለየ ጥበቃ የለም። ከ1996 ጀምሮ እነዚህን ቤተሰቦች ስትከታተል የቆየችው ሼፍ እንዳሳየችው፣ የልጅ አሳዳጊነትን በፍርድ ቤት መነጠቅ ወላጆችን ከሚያስጨንቋቸው ነገሮች አንዱ ነው። ስለዚህ የናሙናው መጥበብ የተሳታፊ አመራረጥ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ በጥናት መሳተፍ ለማን ርካሽ፣ ለማን ውድ እንደ ሆነም ይናገራል።

ተመራማሪዎች ለዚህ ፍርሃት የሚሰጡት የተለመደ መልስ ምሥጢር መጠበቅ ነው። በአሜሪካ የጤና ምርምርን የሚደግፈው ብሔራዊ ተቋም የሚሰጠው የምሥጢር ጥበቃ ምስክር ወረቀት፣ ተመራማሪው የተሳታፊዎችን ማንነት ለፍርድ ቤት አሳልፎ እንዳይሰጥ ይከላከላል። ጥበቃው ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ሁሉንም አደጋ አይሸፍንም። የኒውዚላንዱ ማርቲን ቶሊች በ2004 ውጫዊና ውስጣዊ ምሥጢር ብሎ የለየው ልዩነት እዚህ ይጠቅመናል። ውጫዊው ምሥጢር ባዕድ አንባቢ ተሳታፊውን እንዳያውቀው የሚጠብቅ ሲሆን፣ ውስጣዊው ደግሞ ተሳታፊዎቹ በጽሑፉ ውስጥ እርስ በርሳቸው እንዳይተዋወቁ የሚጠብቅ ነው። የብዕር ስም ለመጀመሪያው ይበቃል፤ ለሁለተኛው ግን ምንም አይፈይድም።

ምሳሌ ላቅርብ። «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» በስምምነት አብረው ይኖራሉ እንበል። «ሀ» ብቻ ለቃለ መጠይቅ ትቀርባለች፤ ትፈርማለችም። በንግግሯ መካከል «ለ» ከዓመት በፊት ስምምነታቸውን እንዳፈረሰና «ሐ» ይህን እንደማያውቅ ታወጋለች። ተመራማሪው ስሞቹን ይለውጣል፤ ከተማውን ይደብቃል፤ ጽሑፉም ይታተማል። «ሐ» ጽሑፉን ሲያነብ ግን ቤቱን ለማወቅ ስም አያስፈልገውም። «ለ» ደግሞ በጥናቱ አልተሳተፈም፣ አልፈረመም፣ ራሱን የማስረዳት ዕድልም አላገኘም። በዚህ ታሪክ የተጎዱት ሁለቱም ያልፈረሙት ናቸው።

ያልፈረመ ሰው «የጥናት ተሳታፊ» ሊባል ይችላል ወይ የሚለው ክርክር የቃል ጨዋታ እንዳልሆነ አንድ የታወቀ ጉዳይ ያስረዳል። በቨርጂኒያ ግዛት በመንትዮች ላይ በተካሄደ ጥናት ለአንዲት ለአካለ መጠን የደረሰች ልጅ የተላከው መጠይቅ ስለ ወላጆቿ የጤና ሁኔታ ጭምር ይጠይቅ ነበር። አባቷ መጠይቁን አይተው፣ ስለ እኔ ሳልፈቅድ ተጠይቋል ሲሉ አቤቱታ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ2000 የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ አካል በዩኒቨርሲቲው በሰዎች ላይ የሚካሄደውን ምርምር እስከ ማገድ ደረሰ። የአሜሪካው ደንብ የጥናት ተሳታፊን ሲተረጉም ተመራማሪው መረጃ የሚሰበስብበትን በሕይወት ያለ ሰው ይላል፤ ማን ተናገረ ሳይሆን ስለ ማን ተነገረ የሚለውን ነው የሚመለከተው።

እንግዲያውስ የሁሉም ፈቃድ ይጠየቅ? በመጀመሪያ ንባቤ ይህ መልስ ትክክል መስሎኝ ነበር። አሁን ግን አይመስለኝም። የሁሉም ፊርማ ካልተገኘ ማንም አይናገርም ማለት በቤቱ ውስጥ ጉልበት ላለው ሰው ዝም የማሰኘት ሥልጣን መስጠት ነው። «በሁሉም ስምምነት» በሚባለው ግንኙነት ውስጥ ሳይወድ የተስማማ ሰው ቢኖር፣ ጥናቱ በይበልጥ ሊሰማው የሚገባው የእሱን ድምፅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 በሴቶች ላይ የሚደርስ የቤት ውስጥ ጥቃትን ለሚያጠኑ ባወጣው ምክር ያስቀመጠው አቅጣጫ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ፣ ለብቻዋ ትጠየቅ፤ ሌሎቹ የጥናቱን ይዘት አይወቁ ይላል። ቡታጅራን ያካተተው የድርጅቱ የብዙ አገሮች ጥናትም የተካሄደው በዚህ ሥርዓት ነው። ስለዚህ መለየት ያለብን የመናገርን ፈቃድና የማሳተምን ፈቃድ ይመስለኛል። ለመናገር የአንዱ ፊርማ ይበቃል። የተነገረው ሁሉ እንዲታተም ግን አይበቃም፤ ንግግሩ ወደ ጽሑፍ ከተገለበጠ በኋላ ተሳታፊዋ አንብባ «ይህን ያነበበ የቤቴ ሰው ማን ሊሆን ይችላል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የምትሰጥበት ሁለተኛ ቀጠሮ ያስፈልጋል። ይህ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል፤ በሁለተኛ ዲግሪ የጥናት መርሐ ግብር ውስጥ ቦታ ማግኘቱም ያጠራጥራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ በሌላ መልክ ይገጥመናል። ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን ከፖሊአሞሪ ጋር ማመሳሰል አልፈልግም። ያኛው በጋብቻ፣ በዘመድና በንብረት ሥርዓት የታሰረ፣ ምርጫውም በአብዛኛው የወንዱ የሆነ ነው። የሚያገናኛቸው የተመራማሪው ችግር ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከባለትዳር ሴቶች 11 በመቶ የሚሆኑት ባላቸው ሌላ ሚስት እንዳለው መናገራቸውን ያሳያል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 11 ቀድሞ ባለ ጋብቻ ላይ ሌላ ጋብቻ መፈጸምን ይከለክላል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 650 ድርጊቱን ያስቀጣል፤ አንቀጽ 651 ደግሞ በሕግ ዕውቅና ላገኘ ሃይማኖታዊ ወይም ባህላዊ ልማድ ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። እንግዲህ ሚስት ስለ ባሏ የምትሰጠው መልስ እንደ ቦታው ተራ ወሬ ወይም የወንጀል መረጃ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያ ዲግሪዬን እንደ ጨረስኩ በአንድ የቤተሰብ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠር ሠርቻለሁ። በአንድ ግቢ ሁለት ጎጆዎች ነበሩ። ከመጀመሪያዋ ሚስት ጋር ተቀምጬ፣ ባላቸው ስንት ሚስት እንዳላቸውና እሳቸው ስንተኛ እንደ ሆኑ ጠይቄ ጻፍኩ። ቀጥሎም፣ ቅጹ ስለሚጠይቅ፣ የሌላዋን ሚስት ዕድሜና የልጆች ቁጥር ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ የኔን ጻፍ፤ የሷን እሷ ትንገርህ፤ ቤቷ ያው» አሉኝ። ቦታውን ባዶ ብተው ተቆጣጣሪዬ እንደሚመልሰው ስለማውቅ ደግሜ ጠየቅኋቸው፤ እየከበዳቸው ነገሩኝ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ጎጆ ሄጄ የፈቃድ ቅጹን ለሁለተኛዋ ሚስት አነበብኩላቸው። እርሳቸው መሳተፍ አልፈለጉም፤ መብታቸው ነውና አመስግኜ ወጣሁ። በደብተሬ ላይ ግን ዕድሜያቸው፣ የልጆቻቸው ቁጥርና ስንተኛ ሚስት እንደ ሆኑ ቀድሞ ተጽፎ ነበር። ቅጹ እንቢ ያለች ሴት በሌላ ሰው አፍ የተጻፈባት መረጃ የሚሰረዝበት ቦታ አልነበረውም፤ እኔም እንዳለ አስረከብኩት።