ዳውንታውን በቅናሽ ለምታድሪው ልጄ

የእህቴ ልጅ፣ ከዳላስ ለስብሰባ ስትመጪ ዋሽንግተን መሃል ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ በግማሽ ዋጋ ክፍል እንደያዝሽ በስልክ ነገርሽኝ። የአጎትሽ ቤት እያለ ሆቴል ምን ያደርግልሻል ብዬ ልቆጣሽ አስቤ ነበር፤ በኋላ ግን በየማለዳው ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ መመላለሱን ሳስበው ተውኩት። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የሆቴል እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ኋላ ቆሜ ነው። ስለዚህ ቁጣውን ትቼ ምክሩን ልስጥሽ። ሌላ ወጣት ቢያነበውም ደስ ይለኛል።

1. ምን እንደገዛሽ እወቂ። ዛሬ ሰው ያላደረበት ክፍል የዛሬ ገቢው ቀረ፤ ነገ አይካስም። ሲመሽ ቲማቲም የተረፈባት ሻጭ ዋጋ የምትጥለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሻጯ ግን ጮክ ብላ ትጣራለች፤ ትልቅ ሆቴል ዋጋ መጣሉ እንዲሰማበት አይፈልግም። በ300 ዶላር የያዘ እንግዳ ጎረቤቱ በ170 እንደገባ ካወቀ ከዚያ ወዲያ 300 አይከፍልም። ስለዚህ ሆቴሉ ስሙን ደብቆ ይሸጣል። ፕራይስላይን የተባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1998 ገዢው ራሱ ዋጋ እንዲጠራ አድርጎ ሲነሳ ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ሆትዋየርም በ2000 ተመሠረተ። ዛሬ ዋጋ መጥራቱ ቀርቷል። «ኤክስፕረስ ዲል»፣ «ሆት ሬት» እያሉ ሰፈሩንና ኮከቡን ያሳዩሻል፤ ስሙን የምታዪው ከፍለሽ ካበቃሽ በኋላ ነው።

እንግዲህ ቅናሹን ያገኘሽው ሦስት ነገር ትተሽላቸው ነው፦ ሆቴሉን የመምረጥ፣ ሐሳብሽን ቀይረሽ የመሰረዝና የአልጋውን ዓይነት የመወሰን መብትሽን። «በ24 ሰዓት ውስጥ ከሰረዝሽ ገንዘብሽ ይመለሳል» የሚልሽ ሰው የአውሮፕላን ትኬትን ሕግ ከሆቴል ጋር አምታቶ ነው፤ አትስሚው። ኮከቡንም ብዙ አትመኚው። አሜሪካ ውስጥ ለሆቴል ኮከብ የሚሰጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለም፤ የሚለጥፈው ድረ ገጹ ራሱ ነው። እንግዶች የሰጡት ነጥብና ካርታው ላይ የተከለለው ሰፈር ይበልጥ ይነግሩሻል።

2. ለሚቀጥለው ጊዜ፦ ዋሽንግተን መሃል ውድ የሚሆነው ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ባለ ጉዳይና ጠበቃ ሲጎርፍ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ይረክሳል። ኮንግረስ ዕረፍት የሚወጣበት ኦገስትም እንዲሁ። ቼሪው በሚያብብበት በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ግን ቅናሽ ፈልጎ መድከም ነው።

3. ስምሽን አስተካክዪ። ሐበሻ ጠረጴዛው ላይ ከምንም በላይ የሚጉላላው በስም ነው። ሠራተኛው ኮምፒዩተሩ ላይ የሚፈልግሽ በመጨረሻ ስምሽ ነው። እኛ ደግሞ አንዱ ወረቀት ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም እንጽፋለን፤ ፊደሉንም አንዴ በአንድ ኤስ፣ አንዴ በሁለት። ባልና ሚስት ስማቸው አይገናኝም። ወይ ደግሞ ክፍሉን የያዘው የአክስት ልጅ ነው፤ እንግዳዋ በራሷ ስም ስትጠይቅ «የለሽም» ይሏታል። ሰልፉ ከኋላዋ ይረዝማል፣ እሷም ላብ ላብ ይላታል፣ ሠራተኛው ሦስተኛውን የፊደል አጻጻፍ ይሞክራል። ይህን ስንትና ስንት ጊዜ አይቻለሁ!

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ክፍሉ መታወቂያሽ ወይም ፓስፖርትሽ ላይ ባለው ስም፣ በዚያው ፊደል ይያዝ። ሁለት ከሆናችሁ የሁለታችሁም ስም ይግባ። ስትደርሺ ከስምሽ በፊት የማረጋገጫ ቁጥሩን ስጪ። ከድረ ገጹ ቁጥር ሌላ ሆቴሉ የሚያውቀው የራሱ ቁጥር ሊኖር ይችላልና ሁለቱንም ያዢ፤ ስልክሽ ባትሪ ቢጨርስ እንዳትቸገሪ ወረቀት ላይ ጻፊው።

ቀኑንም እዪ። እዚህ ወር ይቀድማል። በረራሽ ዘግይቶ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ እነሱ አንድ ኤኤም በሚሉት ሰዓት የምትደርሺ ከሆነ፣ መያዝ ያለብሽ ያለፈውን ቀን ምሽት ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ሳትነግሪያቸው ከቀረሽ የቀሩትንም ሌሊቶች ሊሰርዙብሽ ይችላሉ፤ ገንዘቡም አይመለስም። የምትዘገዪ ከሆነ ደውዪ።

4. ዋጋውን ራስሽ ደምሪ። እንበልና 170 ዶላር በሌሊት፣ ሦስት ሌሊት፤ 510 ዶላር። የዋሽንግተን የሆቴል ታክስ 15.95 በመቶ ነው፤ ወደ 81 ዶላር ጨምሪ። «አሜኒቲ ፊ» ወይም «ዴስቲኔሽን ፊ» የሚሉት ደግሞ አለ፤ ዋይፋይ፣ ጂምና ሁለት ጠርሙስ ውኃ ቆጥረው በቀን 30 ዶላር ቢጠይቁሽ 90 ሆነ። መኪና ተከራይተሽ ለቫሌ፣ ለመኪና አቋሚው፣ ከሰጠሽው በሌሊት 60 ብንል 180። በግርድፉ 860 ዶላር፤ የክፍያዎቹንና የመኪናውን ታክስ ሳልቆጥር። 170 ያልሽው ክፍል ወደ 290 ተጠጋ ማለት ነው።

ከሜይ 2025 ጀምሮ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ሆቴሎችና የማደሪያ ሻጮች ግዴታ የሆነውን ክፍያ ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር ደምረው እንዲያሳዩ አዟል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን ክፍያውን አልከለከለም፣ እንዳይደበቅ ነው ያደረገው። የመንግሥት ታክስም በኋላ ሊመጣ ይችላል። ከክፍያው ውስጥ «እዚያው ሆቴሉ ውስጥ የሚከፈል» የሚል መስመር ካለ ሳታነቢው የመክፈያውን ቁልፍ አትጫኚ።

መኪናውን ደግሞ ተዪው። ከሬገን አየር ማረፊያ ሰማያዊውና ቢጫው ሜትሮ መሃል ከተማ ያደርሱሻል። መኪና የሚያቆምልሽ ልጅ ሐበሻ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ከተማ በዚያ ሥራ ላይ ብዙ ነን። «ወንድሜ፣ በነፃ አስገባልኝ» እንዳትዪው። እሱ ካሜራ ሥር ነው የሚሠራው።

5. ክሬዲት ካርድ ይዘሽ ግቢ። ክፍሉን አስቀድመሽ ብትከፍዪም ሆቴሉ ሚኒባርና መሰል ነገር ለሚያስወጣሽ መያዣ ብሎ ካርድሽ ላይ ገንዘብ ያግዳል፤ በሌሊት 50 ወይም 100 ዶላር የተለመደ ነው። በክሬዲት ካርድ ከሆነ አይሰማሽም። በዴቢት ካርድ ከሆነ ግን የታገደው የራስሽ ገንዘብ ነው፤ ከወጣሽም በኋላ ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ላይለቀቅ ይችላል። ጥሬ ገንዘብ በመያዣነት የማይቀበሉ ሆቴሎችም ብዙ ናቸው። ካርዱ ላይ ያለው ስም ያንቺ ይሁን፤ የጓደኛሽ ካርድ ጓደኛሽ ከሌለች አይሠራም።

6. ይሉኝታሽን ሎቢው በር ላይ ተዪው። የእኛ ሰው በቅናሽ መግባቱን እንደ ጥፋት ይቆጥረዋል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሰጡትን ቁልፍ ተቀብሎ ይሄዳል። ሠራተኛው ግን ከየት እንደያዝሽ ያውቃል፣ ስለ እሱም ግድ የለውም። ግድ የሚለው ቀኑ በሰላም እንዲያልፍለት ነው።

እውነቱን ልንገርሽ። ክፍል የሚደለደለው ብዙ ጊዜ ጠዋት ነው። መጀመሪያ የሆቴሉ የራሱ ደንበኞች፣ የታማኝ ደንበኛ ነጥብ ያጠራቀሙት፣ ይመደባሉ፤ በቅናሽ የገባው የተረፈው ይደርሰዋል። የተረፈው ማለት ሊፍቱ ጥግ ያለው፣ በረዶ የሚያመርተው ማሽን ሌሊቱን ሲንኮሻኮሽ የሚያድርበት፣ ወይም መጋረጃውን ስትገልጪ የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳና የአየር ማቀዝቀዣ ጀርባ የሚታይበት ነው። ዋሽንግተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1910 የወጣው የሕንፃ ከፍታ ሕግ ስለሚያግድ ሰማይ ጠቀስ ሆቴል የለም። ስለዚህ «ከፍ ያለ ፎቅ» ከማለት «ወደ መንገዱ የሚያይ፣ ከሊፍቱ የራቀ» ማለት ይሻላል። አልጋውንም ጥቀሺ፤ ሁለት አልጋ ፈልገሽ አንድ ትልቅ አልጋ ሊደርስሽ ይችላል።

ከመድረስሽ አንድ ቀን በፊት ማረጋገጫው ላይ በተጻፈው የሆቴሉ ቀጥታ ስልክ ደውዪ። ስልኩን ኢንተርኔት ላይ ፈልገሽ ካገኘሽው ሆቴሉን መስሎ የሚያነሳ ሌላ ሻጭ ሊሆን ይችላል። ስምሽን ተናገሪ፣ የምትፈልጊውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው፣ አመስግነሽ ዝጊ። ጠረጴዛው ላይ ስትደርሺም አንድ ጊዜ ድገሚው። እምቢ ካሉሽ እምቢ ነው፤ ስለ ዕድሜና ስለ ወገብ ሕመም ታሪክ አታምጪ። ሰልፉ ላይ ቀድማሽ የነበረችው ሴትም ያንኑ ታሪክ አምጥታለች።

7. ክፍሉ ችግር ካለበት ሻንጣሽን ሳትፈቺ ተመልሰሽ ውረጂ። ሽንት ቤቱ ቢፈስ፣ ማሞቂያው ባይሠራ፣ አንሶላው ላይ እድፍ ብታዪ፣ ፎቶ አንሺና ያኔውኑ ንገሪያቸው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለሆቴል አልተተረተም፤ አድረሽበት ጠዋት ብትናገሪ «ለምን ማታ አልነገርሽንም» ነው መልሱ።

እዚህ ላይ አንድ አሠራር ማወቅ አለብሽ። ገንዘብሽን የያዘው ድረ ገጹ ነው። ሆቴሉ የሚደርሰው ድረ ገጹ ድርሻውን ቀንሶ የሚከፍለው ነው። ስለዚህ ክፍል መለወጥ የሆቴሉ ሥልጣን ነው፤ ገንዘብ መመለስ ግን የድረ ገጹ። ድረ ገጹ ደግሞ ሆቴሉን ሳይጠይቅ አይመልስም። ሁለቱ እንዳይቀባበሉብሽ፣ መጀመሪያ የተረኛ ኃላፊውን አነጋግሪ፣ ከተስማማ ስሙን ጻፊ፣ ከዚያ እዚያው ሎቢ ውስጥ ቆመሽ ለድረ ገጹ ደውዪና «እገሌ ተስማምቷል፣ አሁኑኑ ደውሉለት» በያቸው። ቤት ከገባሽ በኋላ ብትደውዪ ያ ኃላፊ ዕረፍት ላይ ነው።

ለስብሰባው የላከሽ መሥሪያ ቤት ወጪሽን የሚተካልሽ ከሆነም ይኸው ነገር ይመለከትሻል። ሆቴሉ የክፍሉን ዋጋ የያዘ ደረሰኝ አይሰጥሽም፤ የከፈልሽው ለእሱ አይደለምና። የድረ ገጹን ደረሰኝ አስቀምጪ። የታማኝ ደንበኛ ነጥብም ብዙውን ጊዜ አይቆጠርልሽም።

8. ሆቴሉ ሞልቶ ወደ ሌላ ሊልኩሽ ይችላሉ። ከአቅም በላይ መሸጥ የታወቀ አሠራር ነው፤ ሰው መቀነስ ሲመጣ ደግሞ ዕጣው ብዙ ጊዜ በቅናሽ በያዘውና አምሽቶ በደረሰው ላይ ይወድቃል። አትጩሂ። የሚልኩሽ ሆቴል ደረጃው ተመሳሳይ መሆኑን፣ የሌሊቱንና የታክሲውን ማን እንደሚከፍል ጠይቂና በጽሑፍ ተቀበይ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሳይመሽ መግባት ነው።

9. ክፍል ውስጥ ቡና አታፍዪ፤ ቡናውስ ይቅር፣ ዕጣኑን እንዳታስቢው። የጭስ መቆጣጠሪያው ዕጣንን ከሲጋራ አይለይም። ከ200 ዶላር በላይ የጽዳት ቅጣት ካርድሽ ላይ ሲወርድ «ባህላችን ነው» ማለት አያስመልሰውም። ሚኒባሩንም ለማየት ብለሽ ጠርሙስ አታንሺ፤ አንዳንዱ ዕቃው ከቦታው ሲነሣ ራሱ ይመዘግባል። ቁርሳቸው ውድ ነው። ማታ ማታ ወደ ዘጠነኛው ጎዳናና ዩ ስትሪት ብቅ በዪ፤ እንጀራውም ቡናውም፣ ዕጣኑም እዚያ አለ።

10. ክፍልሽን ለምታጸዳው ሴት በየጠዋቱ ከ2 እስከ 5 ዶላር ትራስ ላይ አስቀምጪ፣ «አመሰግናለሁ» የሚል ወረቀት ጨምሪበት። በመጨረሻው ቀን በአንድ ላይ አትተዪ፤ ዛሬ ያጸዳችው ነገ ዕረፍት ልትሆን ትችላለች። በየቀኑ የማያጸዱም አሉና ስትገቢ ጠይቂ።

11. ይህ ሁሉ ላንቺ ነው፤ ወጣት ነሽ፣ አንድ ሻንጣ ነው የያዝሽው፣ የሰጡሽ አልጋ ላይ ትተኛለሽ። እናትሽ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ግን ይህን ጨዋታ አትጫወቺባት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዱለስ የሚያርፈው ጠዋት ነው፤ ክፍል የሚሰጠው ደግሞ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ጀምሮ ነው። ሌሊቱን ስትበር ያደረች እናት እግሯ አብጦ ሎቢ ውስጥ ስድስት ሰዓት አትቀመጥም። ለእሷ ስሙ የታወቀ፣ ሁለት አልጋው የተረጋገጠ፣ ቪዛው ቢዘገይ የሚሰረዝ ክፍል በቀጥታ ከሆቴሉ ያዢ፤ ጠዋት እንደምትደርስም አስቀድመሽ አስመዝግቢ። ዋጋው ከከበደሽ ደውዪልኝ፤ ልዩነቱን እኔ እሞላዋለሁ።