የደነዘዘ ልብ ሁሉ ኢማኑ የጎደለ አይደለም

«ልጄ አይስቅ፣ አያለቅስ፤ ኢማኑ ቢደክም ነው» የሚሉ ወላጆች በጅማ ያጋጥሙኛል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በጅማ ከተማ፣ በሰርቦ፣ በሸኪ፣ በየቡና በገጠሩ ከ2000 በላይ ወጣቶችን ተከታትለው ነበር። ከክትትሉ የወጣ ጥናት ምግብ የሚጎድልበት ቤት ወጣት ለጭንቀት ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን አሳይቷል። የቡና ገንዘብ የሚገባው በለቀማ ወራት ነው። ክረምት ላይ ቤቱ ሲራቆት ልጁም የወላጆቹን ጭንቀት ያያል፤ የራሱን ግን ውጦ ዝም ይላል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኸዲጃንና አጎታቸውን አቡ ጧሊብን ያጡበት ዓመት «የሐዘን ዓመት» ተብሏል። ታዲያ ማዘን እንዴት የኢማን ጉድለት ይሆናል? ልጁን ከመገሰጻችን በፊት እንጠይቀው፤ እናዳምጠው። ድንዛዜው ሳምንታት ከዘለቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳው ሐኪም ዘንድ እንውሰደው። ዱዓ ማድረግ መታከምን አይከለክልም።