«ሪዱስ» ሲሰለች

ጥያቄ፦ የክሊኒክ ሪፖርት በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ሕመሙም፣ አደጋውም፣ ጭንቀቱም ሲቀንስ «ሪዱስ» ማለት ሰለቸኝ። ሌላ ምን ልበል?

መልስ፦ መጀመሪያ የሚቀንሰው ነገር ምን እንደሆነ ይዩ። ለሕመም «አሊቪዬት» ይሆናል። የላቲን ሥሩ «ቀላል» ማለት ነው፤ ሸክሙን ያቀልላል እንጂ በሽታውን አይነቅልም። ስለዚህ ሕመሙ ለታገሰለት፣ ግን ላልዳነ ታካሚ «ኪዩር» ብለው እንዳይጽፉ አደራ።

ለአደጋና ለጉዳት መጠን «ሚቲጌት» ነው፤ የፍርድ ቤቱ «ቅጣት ማቅለያ» በእንግሊዝኛ የሚገለጸውም በዚሁ ቃል ነው። ከኋላው «አጌንስት» አያስከትሉ። እሱ የሚሄደው «እንቅፋት ሆነ» ከሚለው «ሚሊቴት» ጋር ነው፤ በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱም ይሳሳቱበታል። ለጭንቀት «ኢዝ»፣ ለሚያለቅስ ሕፃን «ሱዝ» ይበሉ፤ እናት እሹሩሩ ስትል የምታደርገው እሱን ነው።

እኔ አብልጬ የምወደው «ቴምፐር»ን ነው። ብረት ሠሪ አግሎ ውሃ ውስጥ የነከረው ብረት ይጠነክራል፤ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። መልሶ በመጠኑ ሲያሞቀው ጥንካሬው ትንሽ ይቀንስና መሰባበሩን ይተዋል። ትችትን በደግነት «ቴምፐር» ማድረግም እንደዚያ ነው፤ ስለቱ እንዳለ ነው፣ ሰሚውን ግን አይሰብርም።