እግድ ወጥቶ ግንባታው ከቀጠለ ምን ይደረጋል?



ከእንጦጦ ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት በቅርቡ አንድ ወረቀት አሳዩኝ። ከጎረቤታቸው ጋር ባላቸው የይዞታ ክርክር ፍርድ ቤት የሰጠው የእግድ ትዕዛዝ ነው። ማኅተሙም ፊርማውም አለ። ነገር ግን ትዕዛዙ ሐሙስ ወጥቶ፣ ቅዳሜና እሑድ መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ጎረቤትየው መሠረቱን ሞልቶ ብሎኬቱን እስከ መስኮት አድርሶታል። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍም መውጫ አጥቶ ወደ እርሳቸው ጓዳ ዞሯል። «ልጄ፣ ይህ ወረቀት ግንብ አያስቆምም እንዴ?» አሉኝ።

ያስቆማል፤ ነገር ግን ብቻውን አይደለም። እግድ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ክርክሩ እስኪያልቅ ነገሩ ባለበት እንዲቆይ የሚሰጥ ጊዜያዊ ትዕዛዝ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን ከአንቀጽ 154 ጀምሮ ደንግጎታል። «እግዱ አላግባብ ነው» የሚል ወገን እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል። እስኪነሣ ድረስ ግን የማክበር ግዴታ አለበት።

ታዲያ ትዕዛዙ ሲጣስ ባለጉዳዩ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ትዕዛዙ ለተከሳሹ መድረሱን በፊርማ ያረጋግጥ። «አላየሁም፣ አልሰማሁም» የሚለው ምክንያት የሚዘጋው በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ግንባታው ያለበትን ደረጃ በየቀኑ ፎቶ ያንሣ፤ ምስክርም ይያዝ። ሦስተኛ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው መዝገብ ላይ አቤቱታ ያቅርብ። ትዕዛዙን የጣሰው ወገን ቀርቦ እንዲጠየቅ፣ ንብረቱ እንዲከበር፣ በችሎት መድፈር እንዲቀጣ፣ ፖሊስም ሥራውን እንዲያስቆም ይጠይቅ። አራተኛ፣ የግንባታ ፈቃድ መኖሩን ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይመርምር፤ በሕንፃ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ መገንባት ራሱን የቻለ ጥፋት ነውና።

ቅጣቱ ብቻ ግን ግንቡን አያነሣውም። ስለዚህ ከእግዱ በኋላ የተሠራው በሠሪው ወጪ እንዲፈርስና የደረሰው ጉዳት እንዲካስ በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1149 በይዞታው ላይ ሁከት የተፈጠረበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለትና ኪሣራ እንዲከፈለው መክሰስ እንደሚችል ይደነግጋል። ክሱ ግን ሁከቱ በተፈጠረ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ይኸው ሕግ በሰው መሬት ላይ ተቃውሞ እያለ የሠራውንና ተቃውሞ ሳይገጥመው የሠራውን በአንድ ዓይን አያይም። ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው።

የዘገየ ፍትሕ ምን እንደሚመስል ከሕንድ እንማር። በአዮድያ፣ በባብሪ መስጂድ አጠገብ ባለው አከራካሪ መሬት ላይ ቋሚ ግንባታ እንዳይካሄድ ፍርድ ቤት አዝዞ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1992 የኮንክሪት መድረክ ተሠራ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 6 ቀን መስጂዱ ራሱ ፈረሰ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የግዛቱን የቀድሞ ዋና ሚኒስትር ካልያን ሲንግን በችሎት መድፈር የቀጣው በኦክቶበር 1994 ነበር፤ ያውም አንድ ቀን እሥራትና 2,000 ሩፒ! ቅጣቱ መጣ፤ የፈረሰው ግን አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ወጣቶቻችንን አደራ የምለው ነገር አለ። የተሠራውን ግንብ በሌሊት ሄዶ መናድ መፍትሔ አይሆንም፤ ተበዳይን ተከሳሽ ያደርጋል። ግንበኛውም ቢሆን ያስብበት። ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ሰባት ምድር አንገቱ ላይ እንደሚጠለቅለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀዋል። ቅዳሜና እሑድ መሥሪያ ቤት ይዘጋል፤ የአላህ ችሎት ግን አይዘጋም።

እኒያ እናት «ፍርድ ቤቱ ራሱ ያየዋል» ብለው ሦስት ሳምንት ጠብቀዋል። ዳኛ ግን የሚያየው የቀረበለትን ነው። በማግሥቱ ፎቶዎቹንና አቤቱታውን ይዘን አብረን ወደ መዝገብ ቤት ሄድን። እናንተም እግድ በእጃችሁ ካለና ጎረቤታችሁ ሲሚንቶ ማራገፍ ከጀመረ፣ ሰኞን እንጂ ቀጠሮን አትጠብቁ።

ወላሁ አዕለም።