ልጃችሁ ስታድግ ጨዋታዋን አትቀሟት



በጨርቅ አሻንጉሊት እናት የምትሆን፣ በቆርኪና በጣሳ «እቃ እቃ» እየተጫወተች ሙሉ ሠርግ የምትደግስ፣ ብቻዋን እያወራች ተረት የምትፈጥር ልጅ በቤታችሁ ትኖር ይሆናል። ጡቷ ማጎጥጎጥ ሲጀምር ግን «አሁንስ አድገሻል፤ ይሄን ተይ» ትባላለች። በዚህን ጊዜ ማደጓ እንደ ጥፋት የተቆጠረባት ይመስላታል። ለመሆኑ ሰውነት ሲያድግ ልጅነት በዚያው ቀን ያበቃል?

አያበቃም። በሴት ልጅ ላይ የአካል ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። በቅድሚያ ጡት ያጎጠጉጣል፤ የወር አበባ የሚመጣው ከ2 እስከ 3 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። አመዛዝኖ የመወሰን ችሎታ ግን እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ መብሰሉን ይቀጥላል። ስለዚህ የ12 ዓመት ልጅ በቁመት እናቷን ብታክልም ገና ልጅ ናት።

ከወላጆች ምን ይጠበቃል?

1. ቀድማችሁ ንገሯት። ያልተነገራት ልጅ ደም ስታይ የታመመች ሊመስላት ይችላል። የወር አበባ በሽታም ነውርም አይደለም። ሞዴስ ወይም ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አዘጋጁላት፤ ጨርቁ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ።

2. ወሩ ቢዛባ በጥርጣሬ ዓይን አትዩአት። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት መዛባቱ የተለመደ ነው። ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሳት፣ ሕመሙ ከትምህርት ካስቀራት ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ካልመጣ ግን ወደ ጤና ድርጅት ውሰዷት።

3. ስለ እርግዝና እውነቱን አስረዷት። የመጀመሪያው የወር አበባ ከመታየቱ በፊትም ማርገዝ ይቻላል። ይሁንና የወር አበባ ማየት ለትዳር መድረስ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎታል።

4. ጨዋታዋን ራሷ እስክትተወው ጠብቁ። ተረት ፈጣሪዋ ልጅ ደብተርና እርሳስ ካገኘች ነገ ትጽፋለች፣ ትስላለች። የቤቱ ሥራ ሁሉ በእርሷ ላይ ከወደቀ ግን ለዚህ ጊዜ አይኖራትም። ወንድሟም ውኃ ይቅዳ፣ ሳህን ይጠብ።

አባትም «የእናቷ ጉዳይ ነው» ብሎ አይራቅ። ትናንት ተረቷን ያዳምጥላት የነበረ አባት ዛሬ ፊቱን ካዞረ፣ ነገ ችግር ሲገጥማት የምታማክረው ከቤት ውጭ ያገኘችውን ሰው ነው።

ለውይይት፦ ልጃችሁ ስለ ሰውነቷ ብትጠይቃችሁ ማን ይመልስላታል? ምንስ ይላታል? ሳትጠይቃችሁ በፊት ባልና ሚስት ተነጋገሩበት።